ስሊፐር ኦርኪድ በወሎ ፀሐይ፦ ብርሃኑን እንዴት እንመጥንለት?

የእንቁጣጣሽ ዕለት ነው ጉድ የሆንኩት። ክረምቱን ሙሉ ደሴ ቤታችን በረንዳ ላይ የከረመው ስሊፐር ኦርኪዴ ደስ ብሎት ነበር፤ ሁለት አዲስ ቡቃያ አውጥቷል፣ ቅጠሉም ደንደን ብሏል። ጠዋት እንግዳ መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ አቦል ቶና በረካ እያልን ስንጫወት ማንም ወደ በረንዳው ዞር ብሎ አላየም። ሁለት ወር ያህል ተሸፍኖ የከረመው ሰማይ ደግሞ የዚያን ቀን ጥርት ብሎ ዋለ። ወደ 9 ሰዓት ገደማ ስወጣ የላይኛው ቅጠል ጎበጥ ያለበት ቦታ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያለው ነጭ ነገር አየሁ። ዱቄት መስሎኝ በጣቴ ጠረግሁት። አልለቀቀም። በሦስተኛው ቀን ቦታው እንደ ደረቀ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ቡናማ ሆነ፣ ጠባሳውም ቅጠሉ እስኪረግፍ ድረስ አብሮት ኖረ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ነሐሴ ላይ ልክ የነበረ ቦታ መስከረም ላይ ልክ ላይሆን ይችላል ብዬ አላሰብኩም። የማነባቸው መመሪያዎች ሁሉ ደግሞ የተጻፉት የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምታልፍባቸው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ቤቶች ነው። የደቡብ መስኮት ኃይለኛ ነው፣ የሰሜኑ ደካማ ነው፣ የምሥራቁ ምርጥ ነው ይላሉ። ለእነሱ እውነት ነው። ወሎ ላይ ግን ፀሐይዋ ጎን ትቀይራለች፣ ሰማዩም ከበጋ ወደ በልግ፣ ከበልግ ወደ ክረምት ሲሄድ ጠባዩ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጥሩ ቦታ አግኝቶ ተክሉን እዚያው መርሳት አይሠራም። ከወቅቱ ጋር መዘዋወር አለበት።

ለማያውቁት፣ ስሊፐር ኦርኪድ የሚባለው አበባው ፊት ለፊት እንደ ጫማ አፍንጫ ያለ ከረጢት ያለው ነው። ጎረቤታችን እትዬ መጀመሪያ ያዩት ቀን «ማሻአላህ! ኮንጎ ጫማ አይመስልም እንዴ?» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሙ ኮንጎ ሆኖ ቀረ። ከረጢቱ ለጌጥ አይደለም። ነፍሳት ተንሸራተው ይገቡና ከኋላ ባለው ጠባብ መውጫ ሲሾልኩ የአበባ ብናኝ ተለጥፎባቸው ይሄዳሉ።

እነዚህ ተክሎች በአፍሪካ ዱር ውስጥ የሉም። ፓፊዮፔዲለም የሚባለው ወገን ከህንድና ከደቡብ ቻይና እስከ ኒው ጊኒ የሚገኝ የእስያ ተክል ሲሆን፣ ፍራግሚፔዲየም የሚባለው የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ነው። ብዙዎቹ የሚኖሩት ዛፍ ሥር በረገፈ ቅጠል ላይ ወይም ቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ትልቅ ዋንዛ ሥር ቆማችሁ ወደ ላይ ስታዩ በቅጠሎቹ መሃል እየተቆራረጠ የሚወርደውን ብርሃን አስቡት። የለመዱት እሱን ነው። ጨለማ አይወዱም፣ የቀትር ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታቸውም አይችሉም። (በነገራችን ላይ ሰው ከውጭ አገር ላምጣልህ ካላችሁ መጀመሪያ ወረቀቱን ጠይቁ። ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥብቅ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሳለፍ ጣጣ አለው።)

አንደኛ፦ የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ ለዩ

ስም ባታውቁም ቅጠሉ ይነግራችኋል። ቅጠሉ ጠቆር ባለና ፈዘዝ ባለ አረንጓዴ የተዥጎረጎረ ከሆነ ከሁሉም ያነሰ ብርሃን የሚፈልገው እሱ ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው ማውዲ የሚባለው ድቅልና ዘመዶቹ ከዚህ ይመደባሉ፣ ገበያ ላይም በብዛት የሚገኙት እነሱ ናቸው። ለእነሱ ከ8,000 እስከ 12,000 ሉክስ ይበቃል (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው)። ቅጠሉ ዝንጉርጉር ሳይሆን ሙሉ ለሙሉ አረንጓዴ ሆኖ በአንድ ዘንግ አንድ አበባ የሚያወጣው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከ12,000 እስከ 18,000 በሉት። ቅጠላቸው እንደ ቀበቶ ረዝሞ በአንድ ዘንግ ብዙ አበባ የሚደረድሩትና ፍራግሚፔዲየሞች ግን ከ20,000 እስከ 30,000 ይፈልጋሉ።

ሜዳ ላይ ጥርት ባለ ቀትር ፀሐይዋ ወደ 100,000 ሉክስ ትሰጣለች። ደመናማ ቀን ላይ ያው ሜዳ ከ10,000 እስከ 20,000 ይሆናል። ቤት ውስጥ «ውይ እንዴት ብርሃን ነው!» የምንለው ሳሎን ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ዓይናችን ስለሚላመድ ያታልለናል፤ ተክሉን አያታልለውም።

ለጀማሪ የምመክረው? ደሴ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ ካላችሁ ባለ አረንጓዴ ቅጠሉን፤ በተለይ ከሰሜን ምሥራቅ ህንድ ኮረብቶች የመጣው ኢንሲግኔ የሚባለው የሌሊት ብርድ ይችላል። ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ ወይም ከሚሴ ከሆናችሁ ዝንጉርጉሩ ይስማማችኋል። ሮትስቺልዲያነም የሚባለውን የቦርኒዮ ደሴቱን የኦርኪድ ንጉሥ ፎቶ አይታችሁ የጓጓችሁ ካላችሁ አብሽሩ፣ ጉጉቱ ገብቶኛል፤ ግን ከችግኝ እስከ አበባ አሥር ዓመት የሚያስጠብቅ ተክል ነው።

ሁለተኛ፦ ፀሐይዋ ቤታችሁን እንዴት እንደምትዞረው እወቁ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፣ እኔም ዘልዬዋለሁ።

ደሴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ሚያዝያ 11 አካባቢና ነሐሴ 18 አካባቢ የቀትር ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች፤ የቆመ እንጨት ጥላው እግሩ ሥር ይጠፋል። በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል፣ ማለትም ግንቦት፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ቀትር ላይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በቀረው የዓመቱ ክፍል በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ ታኅሣሥ 12 አካባቢ በጣም ታዘነብላለች፣ ከአናታችን ወደ 34 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ትወርዳለች።

ይህ ለመስኮታችሁ ምን ማለት ነው? ጠዋት ፀሐይ ወደምትወጣበት ዞራችሁ ቁሙ። ቀኝ እጃችሁ ደቡብ ነው፣ ግራችሁ ሰሜን። የደቡብ መስኮት ከጥቅምት እስከ ጥር ቀጥታ ፀሐይ ይገባዋል፣ ሰኔ ላይ ግን ጭራሽ አይገባውም። የሰሜን መስኮት በተቃራኒው በጋውን ሙሉ ለስላሳ የሰማይ ብርሃን ብቻ ያገኛል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሰያፍ ፀሐይ ትገባበታለች። «የሰሜን መስኮት ነው፣ አያቃጥልም» ብሎ የተማመነ ሰው ግንቦት ላይ ይደነግጣል።

የጣሪያውን ክፈፍም አትርሱ። ክፈፉ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ከወጣ፣ ታኅሣሥ ቀትር ላይ በደቡብ በኩል የሚጥለው ጥላ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይወርዳል፤ የመስኮቱ ታችኛው ግማሽ ፀሐይ ይመታዋል፣ ተክሉ ያለው ደግሞ እዚያው ደፉ ላይ ነው። ሰኔ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ግን ያው ክፈፍ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ጥላ ይጥላል። ስለዚህ በሰሜን መስኮት የሚያስፈራው ቀትር ሳይሆን 3 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ በጎን የምትሾልከዋ ፀሐይ ናት።

ምሥራቅና ምዕራብ ላይ ብዙ አልቆይም። የምሥራቅ መስኮት የጠዋት ፀሐይ ለስላሳ ስለሆነች እስከ 3 ሰዓት ድረስ ቀጥታ ብትነካውም ችግር የለም። የምዕራቡ ይከብዳል፣ ከሰዓት በኋላ አየሩም ግድግዳውም ስለሚሞቅ። ጦሳ ሥር ያለ ቤት ግን ተራራው ፀሐይዋን ቶሎ ስለሚሸፍንለት የምዕራብ መስኮቱ ከሌላው ሰው ይሻላል። እንዲህ ያለውን ነገር መጽሐፍ አይነግራችሁም፤ አንድ ቅዳሜ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ፀሐይዋ የት የት እንደምትገባ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሩ። በሰኔና በታኅሣሥ ድገሙት።

ሦስተኛ፦ የእጅ ጥላ

መሣሪያ የማይጠይቅ መለኪያ ነው። ቀትር ላይ፣ 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ነጭ ወረቀት ቅጠሉ ካለበት ከፍታ ላይ አድርጉ። እጃችሁን ጣቶቻችሁን ከፍታችሁ ከወረቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። አሁን ጥላውን እዩ።

ጥላው ጠርዙ እንደ ምላጭ ከሆነና ጥፍራችሁ ሳይቀር ከታየ፣ ተክሉን ቶሎ አንሱት። ጣቶቹ ተለይተው እየታዩ ጠርዛቸው ከደበዘዘ ለአረንጓዴ ቅጠሉ ጥሩ ነው። እጅ መሆኑ ብቻ የሚታይ፣ ጣቶቹ የተዋሃዱ ድብዝዝ ያለ ጥላ ከሆነ ለዝንጉርጉሩ ይሆናል። ምንም ጥላ ከሌለ ተክሉ ይኖር ይሆናል፤ አበባ ግን አትጠብቁ።

አንድ ጊዜ ለክቶ መተው ግን አይበቃም። 3 ሰዓት ላይና 9 ሰዓት ላይም ሞክሩት። ተክሉ የሚበላው የቀኑን ድምር ነው። ቀትር ላይ ለአንድ ሰዓት 15,000 ሉክስ አግኝቶ ሌላውን ሰዓት ጨለማ ውስጥ ከሚውል፣ ቀኑን ሙሉ 10,000 ቢያገኝ በብዙ ይሻለዋል።

አራተኛ፦ በስልክ መለካት

ሉክስ የሚለኩ ነፃ መተግበሪያዎች ሞልተዋል። የስልኩ ብርሃን መቀበያ ያለው ፊት ለፊት፣ ከላይ፣ ጆሯችን ላይ ከምንይዘው ቀዳዳ አጠገብ ነው። ስለዚህ ስክሪኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስልኩን በቅጠሉ ከፍታ ላይ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ራሳችሁ ጥላ እንዳትሆኑበት ዞር በሉ። የሁለት ስልክ ቁጥር እኩል ላይመጣ ይችላል። ግድ የለም፣ ቦታ ከቦታ ለማወዳደር ያው ስልክ ይበቃል።

ስትለኩ አንድ የሚገርም ነገር ታያላችሁ። መስኮቱ ደፍ ላይ 12,000 ያሳያችሁ ስልክ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ስትገቡ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ምክንያቱም ተክሉ የሚያየው የሰማይ ስፋት ስለሚያንስ ነው። አንድ ቡና ቤት ጥግ ላይ፣ ከመስኮት አራት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ኦርኪድ አይቼ በጣም አዝኛለሁ፤ ሐውልት ነው እንጂ ተክል አይደለም።

የመስኮቱን መስታወትም ለኩት፣ መጀመሪያ እንደ አቧራው ሆኖ፣ ከዚያ አጥባችሁ። የኮረኮንች መንገድ ዳር ያላችሁ ሰዎች ልዩነቱን ስታዩ ትስቃላችሁ።

አምስተኛ፦ ከበዛ መከለል

እዚህ ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው። የለካችሁት 40,000 ቢሆንና የምትፈልጉት 12,000 ቢሆን ማሳለፍ ያለባችሁ 30 በመቶውን ነው፤ ስለዚህ 70 በመቶ የሚከልል ሼድ ኔት (የጥላ መረብ) ትገዛላችሁ ማለት ነው። የችግኝ ጣቢያ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች በሜትር ይቆርጡላችኋል። መረቡን ቅጠሉ ላይ አታልብሱት፤ ቢያንስ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ወጥሩት፣ አየር ይለፍበት። ቅጠሉን የሚጠብሰው ብርሃኑ ብቻ ሳይሆን ብርሃኑ የሚያመጣው ሙቀት ነውና።

መረብ ካጣችሁ ስስ መጋረጃ ይሠራል። አሮጌ አጎበርም ይሠራል። አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ እያደረጋችሁ ከሥሩ በስልክ ለኩት፣ የምትፈልጉት ቁጥር ላይ ሲደርስ አቁሙ። ቁርጥራጭ ማዳበሪያ ከረጢት ግን አልመክርም፣ ብርሃኑን ከሚፈለገው በላይ ይዘጋል፣ መልኩም ያስጠላል።

የአጎቴ ልጅ ኮምቦልቻ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ማለት ነው፤ ከደሴ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ግንቦት ላይ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነብኝ ነው፣ ውሃ ጨመርኩለት፣ አሁንም ያው ነው።»

«የት ነው ያስቀመጥሽው?»

«በረንዳው ላይ፣ ፋይበሩ ሥር። ፀሐይ እኮ ቀጥታ አይነካውም።»

ፋይበር የምንለው ብርሃን የሚያሳልፈው የፕላስቲክ ቆርቆሮ ነው። «ቅጠሉን በእጅሽ ጀርባ ንኪው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ውይ፣ ትኩስ ነው!» አለች። በቃ፣ ምርመራው አለቀ። ጤነኛ ቅጠል ሲነኩት ቀዝቀዝ ማለት አለበት፤ ከእጃችሁ ከሞቀ አደጋ ላይ ነው። ፋይበሩ ብርሃኑን በተን ቢያደርገውም ሙቀቱን ከሥሩ ያምቀዋል። ከበረንዳው ጫፍ ወደ ግድግዳው ጥግ አስጠጋችው፣ ከላይ አጎበር በድርብ ወጠረች፣ የጨመረችውን ውሃም መልሳ ቀነሰች። አዲሱ ቅጠል በትክክለኛ አረንጓዴው ወጣ። አሮጌዎቹ ቢጫ እንደሆኑ ቀሩ።

ደሴ ላይ ያለነው ደግሞ በሌላ በኩል እንታለላለን። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ «ምን ፀሐይ አለና» እንላለን። ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ነው፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ የሚያቃጥለውን ጨረር በደንብ አያጣራውም። ጃኬት ለብሳችሁ ፊታችሁ የሚከስለው ለዚህ ነው፣ ቅጠሉም እንዲሁ።

ስድስተኛ፦ ከወቅቱ ጋር ማዘዋወር

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ከቤታችሁ ጋር አስታርቁት።

ከጥቅምት እስከ ጥር ተክሉ ቤት ውስጥ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ፀሐይዋ በደቡብ ናት፣ ሌሊቱ ይበርዳል። የምሥራቅ መስኮት ላይ አኖረዋለሁ፤ የደቡቡ ላይ ካስቀመጥኩት ስስ መጋረጃ አደርጋለሁ። ማታ ማታ ከመስታወቱ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ እስበዋለሁ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መስታወቱ ራሱ በረዶ ይመስላል። ለዝንጉርጉሩ ይህ ብርድ ጠላቱ ነው።

በልግ ሲገባ፣ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ፣ ሰማዩ አይታመንም። አንድ ቀን ደመና፣ አንድ ቀን ፀሐይ። በዚህ ጊዜ የምፈርደው በከፋው ቀን ነው፦ ጥርት ባለው ቀን ልክ የሆነ ቦታ መርጬ እዚያው እተወዋለሁ፤ ደመና በሆነ ቁጥር አውጥቼ ፀሐይ በሆነ ቁጥር አላስገባም። ተክል በየቀኑ መንከራተት አይወድም። ግንቦትና ሰኔ ላይ የሰሜኑን መስኮት በዓይኔ እጠብቃለሁ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው ትልቁ ትርፍ ያለው። ክረምት ላይ መስኮት ሥር ያለ ተክል ይራባል፤ ደመናው፣ ክፈፉና መስታወቱ ተባብረው ብርሃኑን ይበሉበታል። በረንዳ ላይ ግን፣ ዝናቡ በማይደርስበት ነገር ግን ብዙ ሰማይ በሚታይበት ቦታ፣ ያንኑ የደመና ብርሃን ሳይቃጠል ይጠግባል። ስለዚህ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ደመናው መቀመጡን ሳረጋግጥ፣ አወጣዋለሁ። ሲወጣ ግን ቀስ በቀስ ነው፦ መጀመሪያ ከበረንዳው ጥግ፣ በየአራት አምስት ቀኑ ትንሽ ወደ ፊት፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ቦታው ይደርሳል። ጥላ የለመደ ቅጠል ድንገት ሲወጣ ከደካማ ፀሐይም ይቃጠላል።

ከዚያ ነሐሴ 25 ገደማ ላይ፣ ሰማዩ ገና ተሸፍኖ እያለ፣ መረቡን እወጥራለሁ። «ገና ክረምት ነው» አልልም። ፀሐይዋ ከአናታችን ብዙ አልራቀችም፤ ደመናው በተገለጠበት በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ኃይሏ ትወርዳለች፣ ተክሉ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ሲለሰልስ ከርሟል። ያ ቀን ብዙውን ጊዜ ሰው ሁሉ በዓል ላይ የሚሆንበት ቀን ነው። እንዴት እንዳወቅሁ ነግሬያችኋለሁ።

ሰባተኛ፦ ቅጠሉን ማንበብ

ስልኩም ጥላውም ግምት ናቸው። ፈራጁ ቅጠሉ ነው፤ ግን አዲሱን ቅጠል እዩ፣ አሮጌው የሚነግራችሁ የአምናን ነው።

ብርሃን ሲያንሰው ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፣ ይረዝማል፣ ይለሰልሳል፣ ወደ መስኮቱ ይጋደማል። ሰው ሲያየው «እንዴት ያምራል!» ይላል፣ እውነትም ያምራል። ነገር ግን ቡቃያው አድጎ አበባ ሳያወጣ ሌላ ቡቃያ ይከተላል። እያንዳንዱ ቡቃያ የሚያብበው አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ ሙሉ ያደገ ቡቃያ ካላበበ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ብርሃን ነው።

ብርሃን ሲበዛበት ቅጠሉ ያጥራል፣ ይጠነክራል፣ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ የዝንጉርጉሩ ንድፍ ይደበዝዛል። ጠርዙ ላይ ቀላ ያለ ነገር ሊወጣ ይችላል። የምትፈልጉት በመሃል ያለውን ነው፦ የሰላጣ ቅጠል ዓይነት አረንጓዴ፣ ሳይደገፍ የሚቆም።

ቢጫ ሁሉ ግን የብርሃን አይደለም። ከታች ያለው አንድ አሮጌ ቅጠል ብቻ ቢጫ ከሆነ ዕድሜው ነው፣ ተዉት። ሁሉም በአንዴ ከለሰለሱና ቢጫ ከሆኑ መትከያውን ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ፣ በስብሶ ሊሆን ይችላል። ቃጠሎና ብስባሽም ይምታታሉ። ቃጠሎ ደረቅ ነው፣ ፀሐይ ባየው ጎባጣ ቦታ ላይ ይወጣል፣ በማግስቱ አይሰፋም። ብስባሽ እርጥብ ነው፣ ይሸታል፣ በየቀኑ ይሰፋል። ለብስባሹ በንጹህ ምላጭ ጤነኛው ጋ ድረስ ቆርጣችሁ ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቀረፋ ነስንሱበት፤ ሥሩን ብቻ እንዳይነካው። የተቃጠለውን ቅጠል ግን አትቁረጡት፤ የቀረው አረንጓዴ ክፍል አሁንም ተክሉን ይመግባል።

መብራትና ውሃ፣ በአጭሩ

በረንዳ የሌላችሁ የኮንዶሚኒየም ሰዎች ክረምቱን በኤልኢዲ መደገፍ ትችላላችሁ። ግን አንድ ተራ 9 ዋት አምፖል 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን እንኳ ከ2,000 ሉክስ ብዙም አያልፍም፣ ስለዚህ ረጃጅሞቹን የኤልኢዲ ዘንጎች ሁለት ሦስት አድርጋችሁ ከቅጠሉ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ስቀሉ። በቀን 12 ሰዓት ይብራ። እዚህ ያለው ቀን ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ድረስ ነው፣ ከዚያ ብዙ ማለፍ አያስፈልግም። መብራት ቢጠፋ አትጨነቁ፣ አንድና ሁለት ቀን ምንም አይለውም።

ስሊፐር ኦርኪድ እንደ ብዙዎቹ ኦርኪዶች ውሃ የሚያከማችበት ወፍራም ግንድ የለውም። ብርሃን ሲጨምር ቶሎ ይደርቃል፣ ብርሃን ሲቀንስ ውሃው ተኝቶ ሥሩን ያበሰብሳል። ስለዚህ ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር የውሃውንም ቀን ቀይሩ። ማዳበሪያም በጨለማ ጊዜ አታብዙበት።

እምቡጥ ሲመጣ

የአበባው ዘንግ ብቅ ካለ በኋላ መትከያውን አታዙሩት፣ ከቦታውም አታንሱት። እምቡጡ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አድርጎ ነው የሚያድገው፤ ባዞራችሁት ቁጥር ተመልሶ ሊጠመዘዝ ይሞክራል፣ በመጨረሻ አንገቱ ጠማማ አበባ ይወጣላችኋል። እኔ መትከያው ላይና መስኮቱ ደፍ ላይ በፓርከር ትይዩ መስመር አስምራለሁ። እማዬ ደፉን ስትወለውል አንስታው ብትመልሰው እንኳ መስመሮቹን አይቼ አስተካክለዋለሁ። አምና መስመሩ ስላልነበረ ኮንጎው ግድግዳውን እያየ አበበ።